የዲጂታል ራጅ ዲቴክተር እንዴት ይነደፋል? ከልብ ጀርባ ጀምሩ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ የጥገና ክፍል አለችኝ። የምጠግነው የሕክምና ዕቃ ነው። የደም ግፊት መለኪያ ይመጣል፣ ሴንትሪፊውጅ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዲጂታል የራጅ ዲቴክተር መምጣት ጀመረ። ያ ጠፍጣፋ ጥቁር ሰሌዳ። ድሮ የፊልም ካሴት ይገባበት የነበረው ቦታ አሁን የሱ ነው።

ጥቂቶቹን ከፈታሁ በኋላ ጥገናው ብቻ አላረካኝም። ለምን እንዲህ ተሠራ የሚለው ጥያቄ ያዘኝ። የምህንድስና ተማሪዎችም ብቅ እያሉ «ጋሼ፣ ይሄን እኛ መንደፍ አንችልም?» ይሉኛል። እንችላለን። ብርጭቆ ላይ ሚሊዮን ትራንዚስተር ማተም ትልቅ ፋብሪካ ይጠይቃል፤ እሱ ይግዛ። ንድፉን ማውጣት፣ ክፍሎቹን መምረጥ፣ መገጣጠምና መለካት ግን በእጃችን ያለ ሥራ ነው። እንዴት እንደምሄድበት ልንገራችሁ።

ሥራውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ

ስንት ፒክሰል ይኑረው ብላችሁ አትጀምሩ። ሻጭ ነው ከዚያ የሚጀምረው። እናንተ ከታካሚው ጀምሩ። ማን ነው ራጅ የሚነሳው? ምኑን ነው የሚነሳው? የት ቦታ?

የኔ ምሳሌ የደረት ራጅ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። የደረት ራጅ ደግሞ ቲቢን ለመለየት ትልቅ ጉልበት ያለው ምርመራ ነው። ለአዋቂ ሰው ደረት 35 በ43 ሴንቲሜትር የሚሆን ሰሌዳ ይበቃል። ጨረሩን የሚያመነጨው ቱቦ የሚሠራው ደረት ላይ እስከ 125 ኪሎ ቮልት ነው። እጅ ላይ ወደ 50 ይወርዳል። የጡት ምርመራ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ቮልት ስለሆነ የራሱ የተለየ ዲቴክተር አለው፤ በዚህኛው ላይ አትደርቡት።

ከዚያ ቦታውን ጻፉ። ከተማው ዳር ነን። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። በበጋ አቧራው በር ሥር ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፈናል። ይህ ሁሉ በኋላ ንድፉ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይመጣል።

ጨረሩን ቁጠሩ

የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ጋ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህችን አትዝለሉ።

ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዋ ካፊያ ደረቅ የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ስትወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ ጡብ ላይ ዘጠኝ ጠብታ አለ፤ ጎረቤቱ ላይ አራት። ዝናቡ አላዳላም። ጠብታው ጥቂት ስለሆነ ነው ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው። ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም ጡብ እኩል ይረጥባል። ራጅም እንዲሁ ነው። አንድ ፒክሰል ላይ 100 ጨረር ቢያርፍ፣ የመዋዠቁ መጠን የ100 ካሬ ሥር ነው፤ 10 ማለት ነው፣ አሥር በመቶ። 10,000 ቢያርፍ መዋዠቁ አንድ በመቶ ብቻ ይሆናል። ምስል ላይ እንደ አሸዋ የተበተነ ሆኖ የሚታየው ነገር፣ ኖይዝ የምንለው፣ ዋናው ምንጩ ይህ ነው።

አሁን ቁጥሩን እናስገባ። ለመለኪያ የሚያገለግል መደበኛ ጨረር አለ፦ 70 ኪሎ ቮልት፣ ቱቦው አፍ ላይ 21 ሚሊሜትር አሉሚኒየም። በዚህ ጨረር አንድ ማይክሮግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ማለት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 30,000 ያህል የጨረር ቅንጣት ነው። ፒክሰላችን 140 ማይክሮን ይሁን፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስፋቱ 0.0196 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በማይክሮግሬይ 590 ያህል ቅንጣት ይደርሰዋል።

ሳንባው አየር ስለሞላው ብዙ ጨረር ያሳልፋል። ከሳንባው ጀርባ 2.5 ማይክሮግሬይ ደረሰ እንበል፤ በአንድ ፒክሰል 1,480 ቅንጣት ይሆናል። እዚህ ጋ ማንኛውም ዲቴክተር ቆንጆ ምስል ያወጣል። ከልብ ጀርባና ከድያፍራም በታች ግን ጨረሩ ይሳሳል። ለንድፍ የዚያን አንድ ሃምሳኛ ውሰዱ፦ 0.05 ማይክሮግሬይ። 30 ቅንጣት! ዲቴክተሩ ከመቶ ሰባውን ቢይዝ የቀረን 21 ነው።

ከልብ ጀርባ የተደበቀችው ትንሽ ቁስል የምትታየው ወይም የምትጠፋው በነዚህ 21 ቅንጣቶች ነው። እኔ እያንዳንዱን የንድፍ ውሳኔ ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያያለሁ።

ጨረሩን የሚይዘውን ንብርብር ምረጡ

አሁን በብዛት ያሉት ዲቴክተሮች ጨረሩን መጀመሪያ ወደ ብርሃን ይቀይሩታል፤ ቀጥሎ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ። ብርሃን የሚሰጠው ንብርብር ሲንቲሌተር ይባላል። ሁለት ዋና አማራጭ አለ።

አንደኛው ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ ነው። ዱቄት ሆኖ በሙጫ የተለጠፈ ሉህ ነው። ርካሽና ጠንካራ ነው፣ እርጥበትም አይፈራም። ችግሩ ብርሃኑ ውስጡ ይበተናል። በሱሉልታ ጭጋግ ውስጥ የምትመጣ መኪና አስቡ፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። ብዙ ጨረር ልያዝ ብላችሁ ንብርብሩን ባወፈራችሁ ቁጥር ጭጋጉም ይወፍራል።

ሁለተኛው በታሊየም የዳበረ ሲሲየም አዮዳይድ ነው። ይህኛው እንደ መርፌ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይበቅላል። ለደመራ የታሰረ ችቦ ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት መልኩ እሱ ነው። ብርሃኑ በየመርፌው ውስጥ እየተንጸባረቀ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ጎን ብዙም አይፈስስም። ስለዚህ ከ400 እስከ 600 ማይክሮን አወፍራችሁ ብዙ ጨረር መያዝ ትችላላችሁ፣ ጥራቱም እምብዛም አይጎዳም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ሽፋኑ ትንሽ ከተከፈተ መርፌዎቹ ይበላሻሉ። ለደረት የኔ ምርጫ እሱ ነው፤ ከነ ጥሩ እሽጉ።

አሞርፈስ ሴሌኒየም የሚባል ሦስተኛም አለ። ጨረሩን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ግን በየማይክሮኑ 10 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ 500 ማይክሮን ማለት 5,000 ቮልት። ለጡት ምርመራ ድንቅ ነው፤ ለኛ ሥራ እንለፈው።

ወደ ቁጥራችን እንመለስ። ሲሲየም አዮዳይድ በያንዳንዱ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የአንድ ጨረር ጉልበት የሚለካበት ነው) 54 ያህል የብርሃን ቅንጣት ይሰጣል። 50 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው አንድ ጨረር 2,700 ይሰጣል። ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል እንበል። ከቀረው ብርሃን ሰባ በመቶው የፎቶዳዮዱ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ገጽ ላይ ያርፋል። ከዚያ ውስጥ 65 በመቶው ኤሌክትሮን ይሆናል። በመጨረሻ 600 ገደማ ኤሌክትሮን በእጃችን ገባ። አንድ ጨረር፣ 600 ኤሌክትሮን። ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ አስምሩበት።

የፒክሰሉ ሰሌዳና የንባብ ሰርኪዩት

ከሲንቲሌተሩ ሥር ብርጭቆ አለ። ብርጭቆው ላይ አሞርፈስ ሲሊከን ተቀብቶ፣ ለያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ፎቶዳዮድና አንድ ስስ ትራንዚስተር ተሠርቶበታል። 35 በ43 ሴንቲሜትር በ140 ማይክሮን ስናካፍለው 2,500 በ3,072 ገደማ ይመጣል፤ 7.7 ሚሊዮን ፒክሰል። በ16 ቢት አንዱ ምስል 15 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ እስከ 3.5 ጥንድ መስመር መለየት ይችላል። ለደረት ይበቃል።

ታዲያ ለምን 100 ማይክሮን አናደርገውም? ተማሪዎች ሁሌ ይጠይቁኛል። ፒክሰሉ ግማሽ ያህል ስለሚጠብ ጨረሩም ግማሽ ይሆናል። 21ዱ ቅንጣት ወደ 11 ይወርዳል፤ የሰርኪዩቱ ኖይዝ ግን ባለበት ይቆያል። የጣት አጥንት ላይ ትጠቀማላችሁ፣ ከልብ ጀርባ ትከስራላችሁ።

ንባቡ በረድፍ ነው። የአንዱ ረድፍ ትራንዚስተሮች ይከፈታሉ፣ ቻርጁ፣ ማለትም የተጠራቀመው ኤሌክትሮን፣ በየዓምዱ ሽቦ ወርዶ ማጉያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ቁጥር ይቀየራል። ማጉያው ቻርጁ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ አንዴ ይለካ፤ ልዩነቱን ውሰዱ። ራሱ ማጉያው የሚያመጣው መንሸራተት በዚህ ይቀነሳል።

የሰርኪዩቱ ኖይዝ ስንት ይሁን? እንዳመጣልን አንገምት፣ እንቁጠር። በጨለማው ቦታ 21 ቅንጣት አለን። የራሱ መዋዠቅ የ21 ካሬ ሥር ሲባዛ በ600 ነው፤ ወደ 2,750 ኤሌክትሮን። የሰርኪዩቱ ኖይዝ 1,500 ኤሌክትሮን ቢሆን፣ ሁለቱ በካሬ ተደምረው 3,130 ይሆናሉ። የ2,750ን ካሬ ለ3,130 ካሬ ስናካፍል ከያዝነው መረጃ 77 በመቶው ተረፈ ማለት ነው። ኖይዙ 4,000 ቢሆንስ? ድምሩ 4,850 ይሆንና የሚተርፈው 32 በመቶ ብቻ ነው። ሲሶው! የራጅ ባለሙያዋ ምስሉ ሲያስቀይማት ጨረሩን ትጨምራለች። የኛን የሰርኪዩት ስንፍና የሚከፍለው ታካሚው በሰውነቱ ነው። ስለዚህ የኔ ጣሪያ 1,500 ነው።

ሌላም አለ። ዓይናችን የተበተነ አሸዋ ይታገሳል፤ መስመር ግን አይታገስም። አንድ ረድፍ ሙሉውን በትንሹ ከፍ ካለ ወዲያው ይታያል። የረድፍ ኖይዝ ከፒክሰሉ ኖይዝ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ለዚህ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጨረርም ብርሃንም የማይደርሳቸው ጥቂት ዓምዶች ተዉ። የነሱን አማካይ ከየረድፉ ቀንሱ።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ክሊኒክ ነው። ምስሉ ላይ አግድም ስስ ጭረቶች ይመጣሉ፤ ግን አንዳንድ ቀን ብቻ። «ሰሌዳው ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ሄጄ ግማሽ ቀን ቁጭ አልኩ። ጠዋት ንጹሕ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ባትሪው ስላለቀ ሰሌዳውን ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ማንሳት ጀመሩ። ጭረቱ መጣ! ቻርጀሩ ከገበያ የተገዛ ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ የግድግዳው ሶኬት ደግሞ የመሬት ሽቦ የለውም። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ጭረቱ ጠፋ። መልሼ ሰካሁ፣ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። መፍትሔው አንድ የመሬት ዘንግ መቅበርና የመጀመሪያውን ዓይነት ቻርጀር መመለስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በንድፌ ውስጥ አንድ ሕግ ገባ፦ ሰሌዳው ምስል በሚያነብባት ቅጽበት የቻርጀሩ መስመር በራሱ ይቋረጥ።

ሙቀት፣ ከፍታ፣ አቧራ

ፎቶዳዮድ በጨለማም ትንሽ ቻርጅ ያፈሳል። ሙቀቱ በየ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍሳሹ እጥፍ ይሆናል። የኛ አካባቢ ጠዋት ብርድ ነው፤ ቀን ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ይግላል። ጠዋት የተነሳ የጨለማ ምስል፣ ማለትም ጨረር ሳይለቀቅ የተነሳ ምስል፣ ለከሰዓት አይሆንም። ሙቀት መለኪያ ውስጡ አኑሩ፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲለወጥ አዲስ የጨለማ ምስል ይውሰድ።

ከፍታውን አትርሱ። ብዙ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃዎች የሚታሰቡት እስከ 2,000 ሜትር ነው። እኛ ከዚያ በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ በሁለት ባለ ቮልት ክፍሎች መካከል ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። 220 ቮልት የሚገባበት ቻርጀር ላይ የአየር ክፍተቱን አስፉ፤ ለ3,000 ሜትር የሚሰጠው ማባዣ 1.14 ነው፣ እሱን ውሰዱ። ስስ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም፤ የማጉያዎቹን ሙቀት በብረቱ ጀርባ በኩል አውጡ።

ማቀፊያው

ከፊት ካርቦን ፋይበር፣ ምክንያቱም ጨረር ብዙም አይውጥም። ከጀርባ ስስ የእርሳስ ሉህ፣ አልፎ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ጨረር እንዲያስቀር። ጠቅላላ ውፍረቱ የድሮው ካሴት መግቢያ ውስጥ እንዲገባ 15 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። ጠርዙን ዙሪያውን በጎማ እሸጉ፤ ውሃም አቧራም አይግባ።

ምስሉን ማረም

ጥሬው ምስል ያስደነግጣል። ጎርበጥ ያለ፣ ነጭ ነጥብ የበዛበት ነው። ሦስት እርማት ይበቃዋል። የጨለማውን ምስል ቀንሱ። ከዚያ ምንም ዕቃ ሳይኖር የተነሱ ብዙ ምስሎችን አማካይ ወስዳችሁ አካፍሉ፤ ብዛታቸው ቢያንስ 16 ይሁን። ጥቂት ከሆኑ የነሱ ኖይዝ በየታካሚው ምስል ላይ ይታተማል። በመጨረሻ የሞቱትን ፒክሰሎች ካርታ ሠርታችሁ ከጎረቤቶቻቸው ሙሉ። አንድ ነጠላ ፒክሰል መሙላት ችግር የለውም። ተያይዘው የሞቱ ብዙ ፒክሰሎች ካሉ ግን ሰሌዳውን አትቀበሉ፤ የሌለ ሳንባ መሳል ይሆናል።

በትንሹ መጀመር ለምትፈልጉ

የፊልም ካሴት ከጥቅም ሲወጣ ውስጡ ያለው ሉህ አብሮ ይጣላል። አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጠው ዓይነት በተርቢየም የዳበረ ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ ነው። ለምኑና ውሰዱ! ጥቁር ቀለም የተቀባ ሣጥን ሥሩ፣ ሉሁን ፊት ለፊት፣ መስታወት በ45 ዲግሪ፣ ካሜራውን ከጨረሩ መንገድ ውጭ በጎን አድርጉ። መስታወቱ ፊቱ ላይ የተለበጠ ይሁን፤ የተራው መስታወት ምስል ይደርባል።

ስፋቱን ከ10 ሴንቲሜትር አታሳልፉ። 36 ሚሊሜትር ሴንሰርና ቀዳዳው f/1.4 የሆነ ሌንስ ቢኖራችሁ እንኳ ሌንሱ ከብርሃኑ አንድ በመቶ አይሰበስብም፤ ከአንድ ጨረር 8 ኤሌክትሮን ገደማ ታገኛላችሁ። ለመማር ይበቃል። ሣጥኑን ለ43 ሴንቲሜትር ደረት ብታሳድጉት ግን ከአንድ ኤሌክትሮን በታች ይወርዳል። የተያዘው ጨረር መልሶ ይጠፋል ማለት ነው። ከላይ 600 ያልናትን አስታውሱ።

አደራ፦ የራጅ ቱቦ ቤት ውስጥ አትሥሩ፣ አትክፈቱ። ፈቃድ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ጋር፣ የጨረር መቆጣጠሪያ ባጅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሰው ላይ በፍጹም አይሞከርም፤ የራሳችሁ እጅም ሰው ነው። ከሉካንዳ የበሬ አጥንት ግዙ። ሁዳዴ ጾም ሊገባ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ።

መለካት

አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተንግስተን ሉህ ቀጥ ያለ ጠርዙን ከፒክሰሉ መስመር ሁለት ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ አንሱ። የጠርዙ አሳሳል የምስሉን ስለት ይነግራችኋል። ቀጥሎ ባዶ ምስሎች በተለያየ የጨረር መጠን አንሱ፤ እነሱ ኖይዙን ይነግሯችኋል። ስለቱ፣ ኖይዙና የገባው ጨረር ብዛት ሲገናኙ ዲኪውኢ ይወጣል፦ ከደረሰው ጨረር ስንቱ በእውነት ምስል ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ የሚለው ቁጥር። አሠራሩ አይኢሲ 62220 በሚባለው ደረጃ ተጽፏል። ልኬቱን ከመደበኛው መጠን በታችም ድገሙት። የብዙ ዲቴክተር ቁጥር የሚያምረው በብዙ ጨረር ላይ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት በ0.05 ማይክሮግሬይ ያለውን ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። የጨረር መጠን መለኪያችሁ ለአየር ክፍት የሆነ አዮናይዜሽን ቻምበር (በውስጡ ባለው አየር ጨረርን የሚለካ) ከሆነ፣ የኛ ስስ አየር አሳንሶ ያነብባል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በባሕር ዳርቻ 101 ነው። ንባቡን በ1.3 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ሰው የገባው ጨረር ያነሰ ይመስለዋል፣ ዲቴክተሩም ከእውነቱ ሦስት አሥረኛ በላይ ጎበዝ ሆኖ ይታየዋል። ሴሚኮንዳክተር መለኪያ ይህ ችግር የለበትም።

የመጨረሻው ሙከራ መሣሪያ ውሃ የተሞላ ጄሪካን ነው። ውሃ ለጨረር ከሥጋ ብዙም አይለይም። 20 ሴንቲሜትር ውሃን ሳይበተን የሚያልፈው 50 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ከጄሪካኑ ጀርባ፣ ሰሌዳው ላይ፣ ስስ የጎድን አጥንቶች በሰም ለጥፉ። ስንት እንደሆኑ ለማንም አትናገሩ። ምስሉን ብዙ ደረት ያየች ራዲዮግራፈር ፊት አስቀምጡና እንድትቆጥራቸው ጠይቋት። ባለፈው ስድስት ለጥፌ አምስት ቆጠረች። ስድስተኛው ከጠርዙ በኩል ረድፍ ኖይዝ ውስጥ ተውጦ ነበር። ሰሌዳው አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ክፍት ነው።